አንባብያን ያዋጡት መዝገበ ቃላት

መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት የጥቂት ሊቃውንት ተግባር ሆኖ ሲታሰብ ኖሯል። የኦክስፎርዱ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። የለንደን የፊሎሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1857 ያልተመዘገቡ ቃላትን የሚያሰባስብ ኮሚቴ ካቋቋመ በኋላ፣ የንባቡን ሥራ ለፈቃደኛ ሁሉ ክፍት አደረገ። ከተባባሪው የሚፈለገው ማዕርግ አልነበረም፤ ቃሉን፣ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር፣ ደራሲውን፣ ዓመቱንና ገጹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መላክ ይበቃ ነበር።

ጄምስ መሪ በ1879 አዘጋጅነቱን ሲረከብ ከፈርኒቫል ወደ ሁለት ቶን የሚመዝን ወረቀት ደረሰው። ከጆንያዎቹ በአንዱ የሞተ አይጥ ተገኘ፤ የኤች ፊደል ክፍል ፍሎረንስ ቀርቶ ነበር። መሪ ግን በመረቡ ተስፋ አልቆረጠም፤ በዚያው ዓመት 1,000 አንባብያን እንደሚፈለጉ በታተመ ጥሪ አስታወቀ።

ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው የመሪ ትዝብት ይመስለናል። አንባብያን እንግዳውን ቃል እያደኑ የዘወትሩን አልፈውት ነበር፤ ብርቅ ለሆነው «አብዩዥን» ወደ 50 ጥቅስ ሲገኝ፣ ለተራው «አብዩዝ» 5 እንኳ አልሞላም። የአማርኛ አንባቢም ቢጠየቅ «ያዘ» የሚለውን ለመጻፍ ማን ይተጋል? ነገር ግን እጅ ያዘ፣ ሥራ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው ስንል ለአዘጋጁ የሚያስቸግረው ይኸው ቃል ነው።

በአገራችን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጥለውበት፣ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ሥራው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ተላለፈ። አደራው እጅግ የጸና ነበር፤ ሸክሙ ግን በእያንዳንዱ ዘመን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከመሪ ተባባሪዎች ሁሉ የሚደነቀው ዊልያም ማይነር ነው። ይህ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ሰው ገድሎ በብሮድሙር የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የተዘጋበት ሲሆን፣ ያነበበውን ሁሉ በጅምላ አልላከም። ለየመጽሐፉ የቃላት ማውጫ አዘጋጅቶ፣ አዘጋጆቹ በየትኛው ቃል ላይ እንዳሉ እየጠየቀ ለዚያው የሚሆነውን ጥቅስ ይልክ ነበር።

ሥራው በ1928 ተፈጸመ። ገረድ ማለት የሆነው «ቦንድሜይድ» ግን ወረቀቱ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ቅጽ ስለ ቀረ፣ የገባው በ1933 በወጣው ተጨማሪ ቅጽ ነው።