የስብራት ማሰሪያ ሲጠብቅ

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ አጥንት ስብራትና ስለ ማሰሪያው ታሪክ ነው።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ቁስለኞችን ለማከም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ፣ ጣሊያን በምጽዋ እንዳያልፉ ስለከለከለች የገቡት በጅቡቲ ከተማ ነበር። ከዚያ በሐረር አድርገው አዲስ አበባ ደረሱ። ከእነርሱ በፊትም ቢሆን አገሩ ስብራት የሚያክም አላጣም፤ ወጌሻ ነበረው። ወጌሻ አጥንቱን አቃንቶ በቀርከሃ ስንጥር ያስራል። በአውሮፓም በእንጨት ይታሰር ነበር። የሆላንድ ጦር ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰን እ.ኤ.አ. በ1852 የጀሶ ፋሻ አሠራርን አሳተመ፤ ሩሲያዊው ሐኪም ፒሮጎቭም በክሪሚያ ጦርነት ብዙ ቁስለኞችን በጀሶ አከመ።

ቀርከሃም ሆነ ጀሶ ግን አጥንትን አይጠግንም፤ እንዳይነቃነቅ ይይዘዋል እንጂ። የሚጠግነው ሰውነት ራሱ ነው። በመጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ ጆሮ ቅርጭጭት ያለ ለስላሳ ነገር ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። ከዚያ ጠንካራ አጥንት ይተካዋል። የአዋቂ ክንድ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቅልጥም ደግሞ 3 ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ልጆች ቶሎ ይድናሉ።

አደጋው ምንድን ነው? የተሰበረ አካል ያብጣል። ማሰሪያው ከጠበቀ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ጀርመናዊው ሐኪም ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 የጠበቀ ፋሻ ጣትን ቆልምሞ እንደሚያስቀር ጽፏል። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞችም ከታከሙት ልጆች ብዙዎቹ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠው ጠብቆ በታሰረ ስንጥር ምክንያት መሆኑን በጥናት አሳይተዋል። ጥፋቱ የወጌሻ ብቻ አይደለም፤ የሐኪም ጀሶም ከጠበቀ ያው ነው።

ስለዚህ ስብራት ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን ደጋግማችሁ ተመልከቱ። ሕመሙ ከባሰ፣ ጣት ሲዘረጋ ካሳመመ፣ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቁ። ስንጥር ከሆነ ወዲያው ፍቱት፤ ጀሶም ሆነ ስንጥር በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በስብራቱ ላይ ቁስል ካለም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ሳይታሹና ሳይጎተቱ ሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ያስፈልጋል።

«ሕመሙን ቻለው» አትበሉት፤ ልጁ የሚያለቅሰው እጁ እየሞተ ስለሆነ ሊሆን ይችላል።