የቸሃ ወንዞችና የዝዋይ ሐይቅ ሰዎች፦ ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ታንኳ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ ጉራጌ ሕዝብ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ስለ እንሰት፥ ስለ ንግድና ስለ አገር ሥርዓት በሰፊው ሲናገሩ ስለ ውሃ የሚሉት ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቸሃ በብዙ ወንዞች መካከል ተቀምጦ ሳለ ከዓሣ አጥማጅ ሕዝቦች ተራ አይቈጠርምና። ይሁን እንጂ ተራራውን ተሻግረን ወደ ምሥራቅ ብንወርድ፥ ለምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመድ የሆነ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ በታንኳና በመረብ ሲኖሩ እናገኛለን። በቋንቋ የሚዛመዱ ሕዝቦች አንዱ ከውሃ ርቆ ሌላው ውሃን መኖሪያው ያደረገበት ምክንያት ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአገሩን አቀማመጥ መመልከት ያስፈልጋል። ከፍተኛው ጫፋቸው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3600 ሜትር የሚበልጠው የጉራጌ ተራሮች ውሃ ለሁለት የሚከፈልባቸው ናቸው። በምሥራቁ ተዳፋት፥ ማለት በቡታጅራ በኩል፥ የወረደው ዝናብ በመቂ ወንዝ አማካይነት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ሐይቅ ይፈሳል። በምዕራቡ ተዳፋት፥ ማለት በእምድብርና በወልቂጤ በኩል፥ የወረደው ደግሞ በዋቤ ወንዝ ወደ ጊቤ፥ ከጊቤም ወደ ኦሞ ወርዶ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። እንግዲህ ከአንድ ተራራ የተነሡ ሁለት ውሆች ሁለት ልዩ ልዩ ኑሮ ወዳለባቸው አገሮች ይወርዳሉ ማለት ነው።

በዋቤና በጊቤ ውስጥ ዓሣ አለ። ስለዚህ የቸሃ ሰው ዓሣ አጥማጅ ያልሆነው ዓሣ በማጣት ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ምክንያት አሰት ነው፤ ይኸውም በአማርኛ እንሰት የምንለው ተክል ነው። አሰት የሚበቅለው በደጋና በወይና ደጋ ሲሆን፥ ለመድረስ በርከት ያሉ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ተፍቆ በጕድጓድ ውስጥ ስለሚቀበርና ለረዥም ጊዜ ስለሚቈይ ባለቤቱን ከዓመት ዓመት ይመግበዋል። እህል አምራች አገሮች ክረምት ሲገባ የሚያገኛቸው ረሃብ በአሰት አገር እምብዛም አይታወቅም። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ ስለ ቸሃ የጻፈውንና በ1966 የታተመውን መጽሐፉን በእንሰት ባህል ስም የሰየመው ይህን በመገንዘብ ነው። አሰት ደግሞ ያለ ፍግ አይለማም፤ ፍግም ያለ ከብት አይገኝም። በመሆኑም ቤት፥ ከብትና አሰት በጀፎረው ዳር ዳር ተያይዘው የቆሙ ሦስት ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ላይ የቈላው ነገር ይከተላል። የጊቤ ሸለቆ በጅማ መንገድ ድልድይ አጠገብ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው 1100 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ቈላ ለሰው ወባ፥ ለከብት ደግሞ የቈላ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ አለ። የዓለም አቀፉ የከብት ምርምር ድርጅት ከ1986 ጀምሮ በጊቤ ሸለቆ ስለ ዝንቧና ስለ ገንዲ ለረዥም ጊዜ ያጠናው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ በማየት ነው። ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ የወረደ ሰው ከብቱን ያጣል፤ ከብቱን ያጣ ፍጉን፥ ፍጉን ያጣም አሰቱን ያጣል። የወንዙ ዓሣ ይህን ሁሉ የሚክስ አልነበረም። ስለዚህ የቸሃ ሰው ጀርባውን ለወንዙ የሰጠው ውሃን ባለማወቁ ሳይሆን ሒሳቡን ጠንቅቆ በማወቁ ነው።

አሁን ወደ ዝዋይ እንመለስ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ በ1636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ጥልቀቱ ግን በአብዛኛው ስፍራ ከጥቂት ሜትር የማያልፍ የጨው አልባ ውሃ ሐይቅ ነው። በውስጡ አምስት ደሴቶች ሲኖሩ ከሁሉ የሚበልጠው ደብረ ጽዮን፥ በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ የሚባለው ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ላቂ ሲሏቸውም ኖረዋል። ቍጥራቸው ከጥቂት ሺህ የማይዘል ሲሆን፥ ከፊሎቹ ዛሬ በሐይቁ ዳርቻና በአቅራቢያው ባሉት ከተሞች ይኖራሉ።

ስለ ዛይ አመጣጥ የሚነገረው ትውፊት የታወቀ ነው። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደሴቲቱ ሸሹ፤ ከዚያም በግራኝ ጦርነት ዘመን ሌሎች ስደተኞች ተጨመሩ ይላል። የቋንቋው ምስክርነት ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ቮልፍ ሌስላው በ1999፥ ሮኒ ማየር ደግሞ በ2005 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንደሚታየው፥ ዛይኛ ከስልጥኛና ከወለንኛ ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ የምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋ ነው። አክሱማውያን ካህናት መጥተው ይሆናል፤ መጽሐፍና ታቦትም አምጥተው ይሆናል። የቤት ቋንቋ የሆነው ግን የእነርሱ አይደለም፤ በደጋውና በሐይቁ መካከል ይነገር የነበረው ቋንቋ ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ምስክሮች የሚጋጩ አይደሉም፤ ትውፊቱ ስለ ሃይማኖት አመጣጥ፥ ቋንቋው ስለ ሕዝብ አመጣጥ ይናገራሉና።

ይህ ከተባለ የዓሣ አጥማጅነታቸው ምክንያት ይገለጣል። ደሴት መሸሸጊያ ናት፤ ነገር ግን መሬቷ ጠባብ ነው። ዛዮች በደብረ ጽዮን ቍልቍለት ላይ እርከን ሠርተው ማረሳቸውና ሸማ መሥራታቸው የታወቀ ቢሆንም፥ እርሻው ብቻ አይበቃቸውም ነበር። ስለዚህ ቆሮሶን እያጠመዱ ተመገቡ፤ የተረፋቸውንም በየብስ ካሉት ሰዎች ጋር ተገበያዩ። ዛሬ በሐይቁ በብዛት የሚጠመደው አምባዛ የሐይቁ ጥንታዊ ነዋሪ አይደለም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባ ነው። ታንኳቸውንም በዳርቻው ከሚበቅሉት ደንገልን ከመሳሰሉ ቀላል ተክሎች አሰሩት። ትልቅ ዛፍ በሌለበት አገር የታሰረ ታንኳ ከተጠረበ ግንድ ይልቅ ተስማሚ ነው፤ ውሃ ሲጠጣና ሲከብድ በፀሐይ ይደርቃል፥ ሲያረጅም በሌላ ይለወጣል።

እንዲህ ያለው ታንኳ በጣናም አለ። በዚያ በታንኳ ሥራና በጉማሬ አደን የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። የዛይና የወይጦ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ አንድ ትልቅ ልዩነት ይገኛል። ዛዮች ቤተ ክርስቲያንና ደሴት ስለ ነበራቸው ቋንቋቸውን እስከ ዛሬ ጠበቁ። ወይጦዎች ግን የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ስለ ተናቁና የራሳቸው መሬት ስላልነበራቸው ቋንቋቸውን አጡ፤ የጀርመኑ ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ቋንቋቸው አማርኛ ሆኖ ነበር። በጉራጌም ቢሆን በአደንና በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩት፥ ፉጋ እየተባሉ የተጠሩት ሰዎች፥ ከገበሬው ተለይተው እንዲኖሩ ተደርገዋል። በአገራችን ከእርሻ ውጭ የሆነ ምግብ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ስሙንና ክብሩን ያጣ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

የምዕራቡ ውሃ በበኩሉ የውጭ አገር ሰዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ1846 የጊቤን ምንጭ ባየ ጊዜ የነጭ ዓባይ ምንጭ የተገኘ መስሎት ነበር። ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ መፍሰሱን የገለጸው የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ የ1896 ጉዞ ነው። በ1973 ደግሞ ሪቻርድ ባንግስ የተባለ አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር በሚነፋ የጎማ ጀልባ ኦሞን ወረደ። ከዚያ ወዲህ የተከተሉት ጀልበኞች ብዙ ጊዜ ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲኬድ ከሚገኘው ከጊቤ ድልድይ ነበር። የቸሃ ሰው በሒሳብ የሸሸውን ሸለቆ የባዕድ ሰው ለመዝናናት ከሩቅ አገር መጥቶ ቀዘፈበት። ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የጊቤ ሦስተኛ ግድብ በ2016 ከተመረቀ በኋላ ግን የወንዙ ረዥም ክፍል ሐይቅ ሆነ፤ ያ ጉዞም እንደ ድሮው መደረጉ ቀረ።

የምሥራቁ ውሃ ይዞታ ይበልጥ ያሳስባል። መቂና ቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሳይደርሱ ለመስኖ ይጠለፋሉ፤ ከሐይቁም ራሱ ለአትክልትና ለአበባ እርሻ ውሃ ይቀዳል። የአጥማጁ ቍጥር ሲበዛ፥ በተለይም በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ገበያ ሲደራ፥ ቆሮሶው ሳያድግ ይወጣል። ዓሣው ባነሰ ቍጥር ወጣቱ ደሴቱን ትቶ ወደ ከተማ ይወጣል፤ በከተማም በአማርኛና በኦሮምኛ ይነግዳል፥ ልጆቹንም በእነዚሁ ያሳድጋል። ከዚህ የተነሣ የዛይኛ ዕጣ ከሐይቁ ዕጣ ጋር የተያያዘ ሆኗል።

እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፥ ሕዝብ የውሃ ሰው ወይም የየብስ ሰው ሆኖ አይወለድም፤ በመሬቱ፥ በተክሉ፥ በከብቱና በደኅንነቱ ሒሳብ ይሆናል እንጂ። ሁለተኛው፥ የመቂ ውሃ ጉዳይ የዝዋይ ብቻ ሳይሆን የጉራጌም ጉዳይ ነው። በቡታጅራ በላይ የሚጠለፈው እያንዳንዱ ጅረት በታች በኩል አንድ ታንኳ የሚንሳፈፍበት ውሃ ነበርና፥ የመስኖ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ከመሐንዲሱ አጠገብ የደሴቱን ሽማግሌም ሊያስቀምጡ ይገባል።