ለቦሎቄ ተሠርቶ ቦሎቄን ያላበሰለው ድስት

አርብ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የቪልና አይሁድ ድስታቸውን ተሸክመው ወደ ሰፈራቸው ዳቦ ቤት ይሄዱ ነበር። ድስቱ ውስጥ ሥጋ፣ ቦሎቄና ሥራ ሥር አለ። በሰንበት እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ድስቱ ዳቦ ሲጋገርበት በዋለው ምድጃ ውስጥ ያድራል። ምድጃው ቀስ በቀስ እየበረደ፣ ምግቡም ቀስ በቀስ እየበሰለ ይነጋል። ቅዳሜ ከጸሎት መልስ ቤተሰቡ ትኩስ ወጥ ይበላል። ስሙ ቾለንት ነው።

ታማር የምትባል አንዲት የቪልና ልጅ ወደ አሜሪካ ከተሻገረች በኋላ ይህን ታሪክ ለልጇ ነገረችው። ልጁ ኢርቪንግ ናክሰን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። ያለ ዳቦ ቤት፣ ያለ ምድጃ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበስል ድስት ሠራና እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ድስቱ ገበያ ላይ የወጣበት ስም "ናክሰን ቢነሪ" ነው፤ የባቄላና የቦሎቄ ማብሰያ እንደማለት። በ1970 ራይቫል የተባለው ኩባንያ የናክሰንን ድርጅት ገዛ። በማግስቱ ዓመት ድስቱን አሳምሮ "ክሮክ ፖት" ብሎ ቺካጎ ላይ አስተዋወቀው። ጊዜው የአሜሪካ ሴቶች በብዛት ከቤት ውጭ ሥራ የያዙበት ነበር። ጠዋት ከትተው የሚሄዱት፣ ማታ በስሎ የሚጠብቅ ድስት እንደ ጉድ ተሸጠ።

ችግሩ የታየው ግን በሌላ አገር ነው።

በእንግሊዝ ከ1976 ጀምሮ ሐኪሞች አንድ ዓይነት ሕመም ያስተውሉ ጀመር። ሰዎች ቀይ ቦሎቄ በበሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ያስመልሳቸዋል፣ ከዚያ ሆዳቸው ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ቀደም ካሉት አጋጣሚዎች በአንዱ የታመሙት ለእረፍት የወጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ውኃ ውስጥ ያደረ ቦሎቄ ሳይቀቀል በልተው ነው። እስከ 1989 ድረስ ባለው ጊዜ 50 የተጠረጠሩ አጋጣሚዎች ተጠንተዋል። ምክንያቱ ጀርም አልነበረም። ተክሉ ራሱን ከተባይና ከበላተኛ ለመከላከል ፍሬው ውስጥ የሚያኖረው ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። በሁሉም ቦሎቄ ውስጥ ይገኛል፤ በቀዩ ግን ይበዛል። አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ ሰውን ለማሳመም ይበቃል።

ይህ መርዝ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚንተከተክ ውኃ። በ100 ዲግሪ ሙቀት በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ተመራማሪዎች በኤሌክትሪኩ ድስት የተሠራ ወጥ ሲለኩ ግን የውስጡ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ75 ዲግሪ እንደማያልፍ አገኙ። ይባስ ብሎ በ80 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ቦሎቄ መርዛማነቱ ከጥሬውም በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ፍሬው ለስልሷል፣ ሽታው ያውዳል፣ በልቶ የሚጠረጥር የለም። ለቦሎቄ ተብሎ የተሠራው ድስት፣ ቦሎቄን ማርከስ ያልቻለ ድስት ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ቪልና ውስጥ ለምን አልታመሙም? ነገሩ ያለው የሙቀቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ዳቦ የጋገረ ምድጃ መጀመሪያ ላይ ከ100 ዲግሪ እጅግ ያልፋል፤ ወጡ በቅድሚያ ይፈላል፣ ከዚያ ነው ወደ ለብታ የሚወርደው። የኤሌክትሪኩ ድስት በተቃራኒው ከቅዝቃዜ ተነስቶ ያዘግማል፣ ብዙ ጊዜም ከመፍላቱ በፊት ይቆማል። እናት ለልጇ የነገረችው ስለ ረጅሙ ሌሊት ነው። ስለ መጀመሪያው ሰዓት ማንም አልነገረውም፤ የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ያንን ሥራ ዝም ብሎ ይሠራው ነበርና።

ከመርዝ ጋር የኖሩ ማኅበረሰቦች ሁሉ እንዲህ ያለ ያልተጻፈ እውቀት አላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጓያ አለ።

ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ውኃ የተኛበት መሬትም አይጥለውም። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይቀራል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ፣ ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ደንቢያና ፎገራ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ ደላንታ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣት ወንዶች፣ በዚሁ ምክንያት በምርኩዝ ቀርተዋል።

በደላንታ የተደረገው ጥናት ያሳየው ነገር የቦሎቄውን ታሪክ ያስታውሳል። ያው አንድ ጓያ እንደ አሠራሩ ይለያያል። በእሸቱ፣ በቆሎ ወይም በንፍሮ መልክ የበሉት ይበልጥ ተጎዱ። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው፣ አቡክተው እንጀራ ያደረጉት ግን አደጋው ቀለለላቸው። አሮጌው ወጥ ቤት የመርዙን ስም ባያውቅም መከላከያው ግን በእጁ ነበር።

ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዙን ቦሎቄ በላተኛ ያሳመመው አለማወቅ ነው፤ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይበቃው ነበር። የደላንታ ገበሬ ግን ጓያ እግር እንደሚይዝ ከማንም በላይ ያውቃል። ያጣው የሚቀላቅለውን እህል ነው። ጥናቱን ያካሄዱት ሰዎች መፍትሔ ብለው ካቀረቡት አንዱ በረሃብ ጊዜ የእርዳታ እህል በወቅቱ እንዲደርስ የሚል ነው። ለእንዲህ ያለው ገበሬ "ጓያ አትብላ" ብሎ ማስተማር ምንም ሳይሰጡ መምከር ነው።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ግን ዛሬም ለብዙ ቤት ይሠራል። በስደት ያለው አበሻ በኤሌክትሪክ ድስት ይሠራል፤ አገር ቤትም ከሰሉና ጋዙ ሲወደድ እሳት መቆጠብ ልማድ ይሆናል። ቀይ ቦሎቄ ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ድስት ውስጥ ቢገባ ግድ የለም። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጊዜው ይበልጥ ይርዘም እንጂ አይጠር። ፕሬዠር ኩከር ያለው በዚያ ይቀቅል። የታሸገው የቆርቆሮ ቦሎቄ በስሎ የመጣ ነው። ምስር ይህ ስጋት የለበትም።

አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ የአሮጌውን ሥራ ሁሉ ይዞ አይመጣም። የጎደለውን የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። የሚያውቀውን ሳይወድ ለሚበላው ደግሞ ከንግግር በፊት እህል ይቅደም።