ከበሮው ሲታገድ በርሜሉ ዘፈነ

የስቲልፓን ድምፅ ሲሰማ ብዙ ሰው አእምሮ ላይ የሚመጣው የባሕር ዳርቻ ነው። አሸዋ፣ ቱሪስት፣ ቀዝቃዛ መጠጥ። የሆቴል ማስታወቂያዎች ድምፁን የእረፍት ምልክት አድርገውታል። የትሪኒዳድ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ይህ "ደስተኛ" ሙዚቃ ያደገው በክልከላና በድህነት መሃል ነው።

የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ትሪኒዳድ ባርነት በ1830ዎቹ ቀረ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ነፃ የወጡት አፍሪካውያን የጌቶቻቸውን ካርኒቫል የራሳቸው አደረጉት። በሌሊት ችቦ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጡ ጀመር። በ1881 ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ ፖሊስ ሊበትናቸው ሲሞክር ከባድ ግጭት ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ ቅኝ ገዢው ከበሮን በሕግ አገደ። ከበሮ ሰው ይሰበስባል፤ የተሰበሰበ ሰው ደግሞ ገዢን ያሰጋል።

ሕዝቡ ግን ምቱን አልተወም። ቀርከሃ ቆርጦ፣ ረጅሙን መሬት ላይ እየወቀጠ፣ አጭሩን እርስ በርሱ እያጋጨ መንገድ ላይ ወጣ። ቀርከሃ ደግሞ ይሰነጠቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የድሃ ሰፈር ልጆች የብስኩት ቆርቆሮ፣ የቀለም ጣሳና የመኪና ፍሬን ታምቡር አነሱ።

እነዚህ ሰፈሮች ከጭፈራ ሌላ የማያውቁ አልነበሩም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር የትሪኒዳድ ወደብ ሠራተኞች የጣሊያን መርከብ ጭነት አናወርድም ብለዋል። ታይገር የተባለው የካሊፕሶ ዘፋኝም ወረራውን የሚያወግዝ ዘፈን አስቀርጿል።

ቆርቆሮ ሲመታ ይጎደጉዳል። የጎደጎደው ቦታ የተለየ ድምፅ እንደሚሰጥ ልጆቹ አስተዋሉ። በጦርነቱ ምክንያት ከ1942 እስከ 1945 ካርኒቫል ታግዶ ነበር፤ እነሱ ግን በየጓሮው መቀጥቀጣቸውን አላቋረጡም። በግንቦት 1945 የአውሮፓው ጦርነት ሲያበቃ መንገዱን በብረት ድምፅ ሞሉት። ብዙም ሳይቆይ ባለ 55 ጋሎኑ የነዳጅ በርሜል መጣ። ትሪኒዳድ የነዳጅ አገር ስለሆነች በርሜል አልጠፋም። ኤሊ ማኔት የተባለ ወጣት የበርሜሉን መቀመጫ ወደ ውስጥ ቀጥቅጦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን በማድረጉ ይታወቃል።

ያኔ ፓን የሚመታ ልጅ ዱርዬ ይባል ነበር። ፖሊስ ያሳድደዋል፤ ባንዶቹም እርስ በርስ በዱላና በጠርሙስ ይፋለማሉ። በ1951 ግን የተመረጡ ተጫዋቾች በለንደን በተካሄደው የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ቀረቡ። የመራቸው ጆሴፍ ግሪፊዝ የፖሊስ ባንድ መኮንን መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። ፓን ላይ የተመታ ኖታ ቶሎ ይጠፋል። ማስረዘም የሚፈልግ ተጫዋች ሁለቱን መምቻዎች በፍጥነት እያፈራረቀ ድምፁን ማንቀጥቀጥ አለበት። ስለዚህ ዝግ ያለው ዘፈን እንኳ ፓን ላይ ይርገበገባል። መንገድ ላይ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው የሚጨፍረው ሕዝብ እግር ነው። የቅኝ ገዢው "የተከበረ" ክላሲካል ሙዚቃ ሳይቀር በካርኒቫል ንጋት በካሊፕሶ ፍጥነት ይመታ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ይህን "ቦምብ" ይሉታል።

ቅኝቱም እንዲሁ ነው። ማይነር ሐዘን፣ ሜጀር ደስታ ነው ይባላል። ሎርድ ኪችነር "ፓን ኢን ኤ ማይነር" ብሎ ለፓን የሠራው ዘፈን ስሙ ራሱ ማይነር ነው፤ ሕዝቡ ግን ይዘልበታል። ቅኝቱ ያዘነውን ፍጥነቱ ያስጨፍረዋል። ይህን ስሜት ተራ ደስታ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የተከለከለ ሰው በግልጽ ሲጨፍር የሚሰማው ስሜት ነው።

ትሪኒዳድ በ1962 ነፃ ወጣች። በዓመቱ ፓኖራማ የተባለው ታላቅ የስቲልባንድ ውድድር ተጀመረ። በ1992 ፓን ብሔራዊ መሣሪያ ተባለ፤ በ2023 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ኦገስት 11ን የዓለም ስቲልፓን ቀን አደረገው። ማኔት ግን በ1967 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ኖረ፤ በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም የፓን አሠራር አስተማረ።

መንግሥታት ዛሬ "ረብሻ" ብለው የሚያግዱትን ነገ "ቅርስ" ብለው ሊሸልሙት ይችላሉ። በመሃል ያለውን ዱላ የሚቀበለው ግን ያ ዱርዬ የተባለው ልጅ ነው።