ክሎክ፦ ከፓይተን የተወገደው የጊዜ መለኪያ

ክሎክ በፓይተን መደበኛ ላይብረሪ፣ «ታይም» በተባለው ሞጁል ውስጥ ይገኝ የነበረ ፈንክሽን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ፓይተን 3.3 እንዲቀር ተወሰነ፤ በ2019 ከወጣው 3.8 ጀምሮ ደግሞ ፈጽሞ ተወግዷል።

ያስወገደው በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለካቱ ነው። በሊኑክስና በሌሎቹ የዩኒክስ ቤተሰቦች ላይ ፕሮሰሰሩ ለፕሮግራሙ የሠራበትን ጊዜ ይመልሳል፤ በዊንዶውስ ላይ ግን ፈንክሽኑ መጀመሪያ ከተጠራበት ቅጽበት ወዲህ ያለፈውን ጊዜ። ፕሮግራሙን ለአንድ ሰከንድ አስተኝቶ ክሎክን ከእንቅልፉ በፊትና በኋላ ማንበብ ልዩነቱን ያጋልጠዋል። ውጤቱ በዊንዶውስ ወደ አንድ ሰከንድ ይጠጋል፤ በሊኑክስ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም፤ የተኛ ፕሮግራም ፕሮሰሰር አያሠራምና። የከፋው ነገር በሁለቱም በኩል ምንም ስህተት አለመታየቱ ነበር፤ የሚወጣው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት ይመስላል።

ፔፕ 418 የተሰኘው የማሻሻያ ሰነድ የተደበላለቀውን ሥራ ለያየው። ፐርፍ ካውንተር የእንቅልፉን ጨምሮ ያለፈውን ጊዜ ሁሉ ይለካል፤ ፕሮሰስ ታይም የሚቆጥረው የፕሮሰሰሩን ጊዜ ብቻ ነው። ሞኖቶኒክ ደግሞ የኮምፒውተሩ ሰዓት ቢስተካከል እንኳ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ለጊዜ ገደብ ይመረጣል።

ስለዚህ የክሎክን ስም በፐርፍ ካውንተር መተካት ብቻውን ጥገና አይደለም። በሊኑክስ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ክሎክ በመወገዱ የሚመጣውን የስህተት መልእክት ዝም ቢያሰኝም የሚለካውን ነገር ሳያስበው ቀይሯል፤ የድሮ ውጤቶቹን ከአዲሶቹ ጋር ማወዳደር አይችልም። በሊኑክስ ትክክለኛው ምትክ ፕሮሰስ ታይም ነው። ኮዱ በሁለቱም ሲስተሞች ላይ ይሠራ ከነበረ ግን ጸሐፊው ምን ሊለካ እንደፈለገ ከመጠየቅ በቀር አቋራጭ የለም።

ፈንክሽኑ ሲጠራ ማስጠንቀቂያ መስጠት የጀመረው በ3.7 ነው። ይሁንና ፓይተን ይህን ዓይነቱን ማስጠንቀቂያ፣ ጥሪው ከዋናው ፋይል ካልመጣ በስተቀር፣ በነባሪ ስለሚደብቀው በላይብረሪዎች ውስጥ የተቀበሩ ጥሪዎች ብዙ ሰው ሳያያቸው ቆዩ። ከ2013 ወዲህ አዲስ እትም ያልወጣለት ፓይክሪፕቶ የተባለው ላይብረሪ በፓይተን 3.8 ላይ የተሰናከለው በዚሁ ነው።

ለፓይተን 2ም ማገልገል የነበረባቸው ላይብረሪዎች ክሎክን የሚተካው አዲስ ፈንክሽን መኖሩን አስቀድመው ይፈትሻሉ፤ ወደ ክሎክ የሚመለሱት ሲያጡት ብቻ ነው። የእትም ቁጥር ከማወዳደር ይህ ይሻላል።