የውሉ ቀንና የቁልፉ ቀን፤ ስለ ቤት ሽያጭና ስለ መልቀቂያ ጊዜ አጭር የታሪክ ምርመራ

ቤቱን የሸጠ ሰው ለገዥው ሁለት ነገር ያስረክባል። አንደኛው ስመ ሀብቱ ነው፤ ይህን የሚያስረክበው ከመዝጋቢው ፊት ቀርቦ ሲፈርም ነው። ሁለተኛው ቁልፉ ነው፤ ይህን የሚያስረክበው ደግሞ ጓዙን ጭኖ፣ ግቢውን ጠርጎ፣ ከደጃፉ ሲወጣ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቀን ቢፈጸሙ ብዙ ክርክር ባልተነሣ ነበር። ነገር ግን በከተማችን በውሉ ቀንና በቁልፉ ቀን መካከል አንዳንድ ጊዜ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜ ወር፣ አልፎ አልፎም ዓመታት ይገባሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ቀኖች እንዴት እንደ ተራራቁ በታሪክ መመርመርና፣ የመልቀቂያውን ቀን በውል መወሰን ዋጋውን ከመወሰን የማያንስ ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ለምርመራው መነሻ ቦሌ ቡልቡላን መርጠናል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ከእርሱ በስተደቡብ ያለው ይህ ስፍራ የገበሬ ማሳ ነበር። ዛሬ ግን ቪላ ቤቶች፣ የማኅበራት ቤቶችና ፎቆች ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር ሆኗል። በእንዲህ ያለው አዲስ ሰፈር ገዥው ከሌላ አካባቢ የሚመጣ፣ ሻጩም ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄድ ነው፤ ሁለቱን የሚያውቅ የጋራ ጎረቤት እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ቀድሞ በጎረቤት ዓይን ይጠበቅ የነበረው ቀጠሮ ዛሬ በምን ሊጠበቅ ይችላል የሚለው ጥያቄ በዚያ ጎልቶ ይታያል።

የምስክርና የዋስ ዘመን

በጎንደር ዘመን የተደረጉ የመሬት ሽያጮች በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ተመዝግበው ይገኛሉ። ይህን ዓይነቱን ማስረጃ በሰፊው ከመረመሩት አንዱ ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ ሲሆን፣ ስለ መሬትና ስለ ኅብረተሰብ የጻፈው መጽሐፍ በ2000 (እ.አ.አ.) ታትሟል። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው። ማን እንደ ሸጠ፣ ማን እንደ ገዛ፣ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ ማን ዋስ እንደ ሆነ፣ እነማን እንደ መሰከሩ ይዘረዝራሉ።

በእኔ አስተያየት የዚያ ሥርዓት ኃይሉ በጽሑፉ ብቻ አልነበረም። ምስክሩ፣ ዋሱና ጎረቤቱ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ስለነበሩ ሽያጩን የሰማው ሰው ሻጩ ሲወጣና ገዥው ሲገባም ያይ ነበር። ሻጩ ቃሉን ቢያጥፍ የሚያፍረው በማያውቀው ዳኛ ፊት ሳይሆን በገዛ ሰፈሩ ፊት ነው፤ ዋሱም ከዚያው ሳይርቅ ይጠየቃል። የውሉ ቀንና የቁልፉ ቀን የተለያዩ ቢሆኑም እንኳ የሚጠብቃቸው ዓይን አንድ ነበር።

የመዝገብ ዘመን

ዳግማዊ ምኒልክ በ1907 (እ.አ.አ.) ስለ አዲስ አበባ ርስት ያወጡት ደንብ በከተማው ቦታን በግል መያዝንና መሸጥን በሕግ አጸና። ከዚያ ወዲህ የባለቤትነት ማስረጃ ከምስክር ቃል ይልቅ ወደ ወረቀት እያዘነበለ ሄደ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ይህን ጉዞ ፈጸመው። በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። በቁጥር 2877 በጽሑፍ ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ዋጋ እንደሌለው ደነገገ። በቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንደማይኖረው ገለጸ።

የሕጉ ጥቅም ግልጽ ነው፤ አንድን ቤት ለሁለት ሰው የሚሸጠውን አታላይ ይገታል። ነገር ግን መዝጋቢው የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ደጃፉን አይደለም። ሻጩ መቼ እንደሚወጣ ተዋዋዮቹ ካልነገሩት እርሱ አይጠይቅም። ሕጉም ለዚህ የሰጠው መልስ አጠቃላይ ነው። በቁጥር 1756 መሠረት ግዴታ በውሉ በተወሰነው ጊዜ ይፈጸማል፤ ጊዜ ካልተወሰነ ግን አንደኛው ወገን በጠየቀ ጊዜ ነው። ሥራው የከበደው ልጆችና ሽማግሌ ወላጆች ላሉት ቤተ ሰብ «በተጠየቀ ጊዜ ውጣ» ማለት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ረገድ የሌሎችን አገሮች ልማድ ማነጻጸር ይጠቅማል። በጥንት ሮማውያን ሕግ የሽያጭ ውል ብቻውን ገዥውን ባለቤት አያደርገውም ነበር፤ ርክክብ ያስፈልግ ነበር። በጎተራ ያለ ሸቀጥ ሲሸጥም የጎተራውን ቁልፍ መስጠት እንደ ርክክብ ይቆጠር ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሁለቱ ቀኖች የየራሳቸው ስም አላቸው። በመጀመሪያው ቀን ሻጭና ገዥ ውል ተለዋውጠው ይታሰራሉ፤ ሽያጩ የሚፈጸምበት ሁለተኛው ቀን በዚያው ይወሰናል፤ በዚያም ቀን ገንዘቡ ሲደርስ ቁልፉ ይሰጣል። እኛም ዘንድ የመጀመሪያው ቀን የታወቀ ስም አለው፤ ውልና ማስረጃ የተኬደበት ቀን ይባላል። ሁለተኛው ግን በብዙ ውል ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አያገኝም።

ሁለቱ ቀኖች በዓመታት ሲራራቁ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ሕጋዊው ሽያጭ በቤቱ ላይ ብቻ የቆመ ነው። በከተማው ዳርቻ ግን ካርታ የሌላቸው ይዞታዎች በግል ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። በእነዚህ ሽያጮች ስም የሚዞርበት ቀን ጨርሶ ስላልነበረ ለገዥው የነበረው ቀን የቁልፉ ቀን ብቻ ነበር። እንግዲህ በአንድ በኩል ስም ያለ ቁልፍ፣ በሌላ በኩል ቁልፍ ያለ ስም ሆነ ማለት ነው።

ይህ መራራቅ በግልጽ የታየው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። ኮንዶሚኒየም በዕጣ መታደል ሲጀምር የአዲስ አበባ አስተዳደር በ1997 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ባለዕጣው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። ዓላማው በመንግሥት ድጎማ የተሠራ ቤት ወዲያውኑ የንግድ ዕቃ እንዳይሆን ነው። ነገር ግን ገንዘብ የቸገረው ሰው 5 ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙዎች ገንዘቡን ተቀብለው፣ ቁልፉን ሰጥተው፣ ለገዥው የመሸጥና የመለወጥ ውክልና ፈረሙለት። ስሙ የሚዞረው ግን ገደቡ ሲያበቃ ነው።

በነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 32 ነቢዩ በ17 ሰቅል ብር እርሻ ሲገዛ ከተማይቱ ተከባ ነበር፤ እርሻውን ገብቶ ሊይዝ የሚችልበት ጊዜ ሩቅ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ስለሆነም ውሉ በምስክሮች ፊት ተጽፎ፣ አንዱ ታትሞ፣ ሌላው ክፍት ሆኖ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ተቀመጠ። ውሉ ከተዋዋዮቹ ዕድሜ እንዲተርፍ ታስቦ ነበር። የእኛው ውክልና ግን ከሰጪው ዕድሜ አይተርፍም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232 መሠረት ወካዩ ሲሞት በመሠረቱ ይቋረጣል። ሻጩ ስም ሳያዞር ቢሞት ገዥው ዓመታት ከኖረበት ቤት ወራሾች መጥተው ይቆማሉ። ከውል በስተቀር ምንም ያልፈረመች የትዳር ጓደኛ ካለችም ነገሩ ይብሳል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃልና።

ሌላም አደጋ ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወሰነ። በኋላ በሌሎች መዝገቦች ይህን የሚያለዝብ ትርጓሜ ተሰጥቷል። ቢሆንም የመጀመሪያው አቋም የሚያስከትለውን እናስብ፤ ውሉ ከፈረሰ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ገንዘቡ ለገዥው፣ ቤቱ ለሻጩ። የቤት ዋጋ በሚወጣበት ከተማ ከዓመታት በፊት የተከፈለ ገንዘብ ሲመለስ ያንኑ ቤት አይገዛም። ስለዚህ ቁልፉን በእምነት የሰጠም፣ በእምነት የተቀበለም ሰው ከመዝገቡ ጋር ሳይታረቅ አይተኛም።

ለመልቀቅ መዘጋጀት

ሁሉም ነገር በሕግ በተሟላ ሽያጭ እንኳ የቁልፉ ቀን ችግር አያልቅም። በቡልቡላ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ብዙውን ጊዜ በሌላ ስፍራ ገዥ ነው፤ የሚገባበት ቤት ካልተለቀቀለት የሚወጣበትን ሊለቅ አይችልም። የአንዱ መዘግየት ወደ ሌላው እየተላለፈ ሦስትና አራት ቤተ ሰብ ያንገላታል። ገዥው የባንክ ብድር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ባንኩ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚለቀው ካርታው ዞሮ መያዣው ከተመዘገበ በኋላ ስለሆነ ሻጩ ገንዘቡን ሳያይ እንዲፈርም ይገደዳል። ሻጩ «ሳይከፈለኝ አልወጣም» ይላል፤ ገዥው «ሳትወጣ አልከፍልም» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ደቃቃ የሚመስሉ ጉዳዮች ይመጣሉ። በሰርቪስ ቤቱ ያለው ተከራይ መቼ ተነገረው? የመብራትና የውሃ ዕዳ እስከ የትኛው ቀን በማን ይከፈላል? የውሃ ሮቶው፣ የወጥ ቤት ቁም ሳጥኑ፣ ጄኔሬተሩ ከቤቱ ጋር ይቀራል ወይስ ይጫናል? ሕጉ ከቤቱ ጋር ተያይዞ የማይነጣጠለውን የቤቱ አካል አድርጎ ይቆጥራል፤ የሚነቀለውን ግን በስም ጠርቶ መጻፍ ይሻላል። ሻጩም ከወረዳው መሸኛ ማውጣት፣ ለእድሩ ማስታወቅ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ማዛወር አለበት፤ ትምህርት ሳይዘጋ በየካቲት ውጣ የተባለና በሐምሌ ውጣ የተባለ ሰው እኩል አይደሉም። ሻጩ ወይም ገዥው በውጭ አገር ከሆነ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ይግለጽ። 8/9 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ ግንቦት 8፣ ለሌላው ሴፕቴምበር 8 ነው፤ በመካከሉ አራት ወር ያህል አለ።

ለእነዚህ ሁሉ መሣሪያው በእጃችን አለ። በቁጥር 1883 ቀብድ የውል መኖር ማስረጃ ነው፤ በቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ያጣዋል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቁጥር 1889 ተዋዋዮቹ ውላቸውን ላላከበረ ሰው መቀጫ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። በእነዚህ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ቢጨመር ይበቃል፤ ቤቱ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሁኔታ ይለቀቃል፤ ከዋጋው ይህን ያህሉ እስከዚያ ቀን ተይዞ ከቁልፉ ጋር ይከፈላል፤ የዘገየ በየቀኑ ይህን ያህል ይቀጣል። የተያዘው ገንዘብ ሻጩን እንዲወጣ ያተጋዋል፤ የተወሰነው ቀን ደግሞ ገዥው ከዚያ በፊት በሩን እንዳያንኳኳ ይከለክለዋል። ጥበቃው ለሁለቱም ነው።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው ጥንቃቄ እምነት ማጣት ነው ይላሉ። የጎንደር አባቶች ግን የሚተማመኑ ጎረቤቶች ሳሉ ዋስ ይጠሩ፣ ምስክር ያስቆሙ ነበር። ዋስ መጥራት ስድብ አልነበረም። ዛሬ በቡልቡላ ሻጭና ገዥ የጋራ አጥቢያ፣ የጋራ እድር፣ የጋራ ሽማግሌ ላይኖራቸው ይችላል፤ መዝጋቢውም ደጃፍ ድረስ አይመጣም። በዚህ ሁኔታ የቀድሞውን ምስክር ቦታ ሊይዝ የሚችለው በውሉ ላይ የተጻፈ ቀን ነው። ያ ቀን የታወቀ እንደ ሆነ ሻጩ ዕቃውን በጊዜው ያሽጋል፣ መሸኛውን ያወጣል፣ መኪና ይከራያል፤ ገዥውም «ቤት ለእንቦሳ» የሚሉትን ዘመዶቹን በእርግጠኝነት ይጠራል።