ጆሮ፣ ጣት፣ ባትሪ፦ የብስክሌት ካምቢዮ ታሪክ ከኮልፌ ሲታይ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ብዙም በማይርቅ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ስር ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። ጥላው የብስክሌት ጠጋኝ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ለሰፈሩ ልጆች ብስክሌት በሰዓት ያከራይ የነበረ፣ አሁን ጢሙ የሸበተ ሰው። አንድ ወጣት ከአየር ጤና በኩል ብስክሌት እየገፋ መጣ። እየገፋ ነው ያልኩት፤ እየነዳ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ወንድሙ የላከለት ጥቁር የካርቦን ብስክሌት ነው፤ ማርሽ የሚቀይረው በሽቦ ሳይሆን በባትሪና በትንንሽ ሞተር። ኤሌክትሮኒክ ካምቢዮ የሚሉት ማለት ነው።

ችግሩ ድምፅ ነው። ከኋላ ካሉት አሥራ አንድ ማርሾች መሃለኞቹ ላይ ሲደርስ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ አሳየን። መተግበሪያው ባትሪው ሙሉ ነው፣ ምንም ስህተት የለም ይላል። ብስክሌቱ ግን ቅጭ ይላል።

ጠጋኙ ስልኩን ዞር ብሎም አላየው። ምን እንዳደረገ በኋላ እነግራችኋለሁ። እዚያው ተቀምጬ ግን ይህ የሁለት ሰዎች ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ታየኝ፤ የመቶ ዓመት ታሪክ አለበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቃላቱ እንጀምር። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ራሱ ጎሚስታ ነው። ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመት ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ብስክሌቱን የሚጎትተው ካቴናም ከዚያው ነው፤ ፖሊስ እጅ ላይ ከሚያስገባው ካቴና ጋር አንድ ቃል። በጣሊያንኛ ሰንሰለት ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት ሙያ የሰጠነው እኛ ነን።

ካቴና በተፈጥሮው ድምፅ አለው። ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሮለር ካቴና ሃንስ ሬኖልድ በ1880 ማንችስተር ውስጥ ሠራው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆን ስታርሊ ሮቨር የተባለውን፣ ሁለት እኩል የሚባሉ ጎማዎች ያሉትንና ኃይል በካቴና ወደ ኋላ የሚያስተላልፈውን ብስክሌት አወጣ። ካቴና እንደ ጎማ ቀበቶ ለስላሳ አይደለም። ከቁርጥራጭ ብረት የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ጥርሱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይመታል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምቱ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል፤ ሲጣመም፣ ሲደርቅ፣ አቧራ ሲበላው ወይም ወደ ጎረቤት ማርሽ ሲያዘነብል ይጮኻል። ስለዚህ ድምፁ መልእክት ነው፤ ምን እንደጎደለ ይናገራል።

ማርሽ መቀየር ብዙ ጠብ አስነስቷል። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ደግራንዥ ካምቢዮ የደካማ መሣሪያ ነው ባይ ነበር። በሱ ዘመን ተወዳዳሪው ዳገት ስር ሲደርስ ይወርድና የኋላ ጎማውን ፈትቶ ያገለብጠዋል፤ በሁለቱም ጎን የተለያየ መጠን ያለው ማርሽ አለና። ካምቢዮ በቱር የተፈቀደው በ1937 ነው፤ እሱ የውድድሩን መሪነት ለዣክ ጎዴ ከለቀቀ በኋላ። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ቱሊዮ ካምፓኞሎ የሚባል ተወዳዳሪ በ1927 በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ላይ ጣቱ ደንዝዞ ጎማውን መፍታት አቅቶት ተሸነፈ ይባላል። ታሪኩን ያጣጣሙት ሳይሆን አይቀርም፤ ሰውዬው ግን ጎማ በአንድ እጅታ የሚፈታበትን ዘዴ ፈጠረ፣ ከዚያም ወደ ካምቢዮ ሥራ ገባ። በ1940ዎቹ ያወጣው መሣሪያ ስሙ ካምቢዮ ኮርሳ ነበር። ካምቢዮ! ያው የኮልፌው ጋራዥ ቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ዓመት ገደማ ለእኔ የጆሮ ዘመን ነው። የዚያን ጊዜ መቀየሪያ እጀታ ደረጃ የለውም፤ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ትንሽ ትስበዋለህ፣ ካቴናው ይንኳኳል፣ ትንሽ ትመልሰዋለህ፣ ዝም ይላል። ዝም ሲል ማርሹ ገብቷል ማለት ነው። ነጂው በየዳገቱ መካኒክ ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው በዚሁ ዘመን ነው። በ1956 ሜልቦርን ማሞ ወልዴ ሲሮጥ፣ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና መንግሥቱ ንጉሤ 187 ኪሎ ሜትር ገደማ በብስክሌት ተወዳደሩ። በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። ስለ ሯጮቻችን ዘፈን ሞልቷል፤ ስለ እነዚህ አራት ሰዎች በየትምህርት ቤቱ የሚያውቅ ልጅ ፈልጉልኝ እስቲ። እነሱ የነዱበት ዘመን ብስክሌት በሙሉ በጆሮ የሚቀየር ነበር። የጃፓንና የአሜሪካ ፋብሪካ በሚያቀርበው ዕቃ ሳይሆን በራሳቸው ጆሮ ከአውሮፓውያኑ ጋር እኩል ነበሩ። ጣሊያናዊም ሆነ ሐበሻ፣ ሽቦው ለሁሉም አንድ ነበር።

በ1984 ነገሩ ተለወጠ። የጃፓኑ ሺማኖ ዱራ ኤስ በተባለው ዕቃው ላይ እጀታው በየማርሹ ቀጭ እያለ እንዲቆም አደረገ። አንድ ቀጭ፣ አንድ ማርሽ። ሥራው ከጆሮ ወደ ጣት ሄደ። በ1990 መቀየሪያው ከፍሬን እጀታው ጋር ተዋሃደና ነጂው እጁን ከመሪው ላይ ማንሳትም ቀረለት። ይህን እልልታ የማይገባው ነው አልልም፤ በአስፋልታችን ጉድጓድ መሃል አንድ እጅ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ባትሪ መጣ። በመጀመሪያ የሞከረው የፈረንሳዩ ማቪክ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዛፕ፣ በ1999 ደግሞ መክትሮኒክ የሚባሉትን አወጣ፤ ሁለቱም ገበያ ላይ አልሰነበቱም። የተሳካለት ሺማኖ ነው፣ በ2009፣ ዲአይቱ በሚባለው። በ2011 ካምፓኞሎ ተከተለ። በ2015 የአሜሪካው ስራም ሽቦውን ጭራሽ አስወግዶ በሬዲዮ ሞገድ አደረገው። በ2021 ሺማኖ አዲሱን ዱራ ኤስ ሲያወጣ በሽቦ የሚሠራ ምርጫ አላቀረበም። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ትልልቆቹ ቡድኖች አብዛኞቹ ወደ ባትሪ ዞረው ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ ደግሞ በዚያ ደረጃ ሽቦ የሚጎትት ሰው ማግኘት ብርቅ ሆኗል።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ። ኤሌክትሮኒክ ካምቢዮ በእርግጥ ብዙ ድምፅ አጥፍቷል። ካቴናው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የፊተኛው መቀየሪያ ራሱን ትንሽ አስጠግቶ እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ ድሮ ይህን በጆሮ የሚሠራው ነጂው ነበር። ሽቦ አይላላም፣ አይዝግም። ግን ልብ በሉ፣ የዘንድሮ ብስክሌተኛ ስለ ድምፅ የሚያማርረው ከድሮው በላይ ነው። ለምን? አንደኛ፣ በኋላ አምስት የነበረው ማርሽ አሥራ ሁለት ደርሷል። ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው ካቴና ወደ 5 ወርዷል። የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ድሮ አይሰማም ነበር፤ ዛሬ ይጮኻል። ሁለተኛ፣ የካርቦኑ አካል ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ክራር ሳጥን ትንሿን ንኳኳታ ያጎላታል። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ድምፅ ድሮ የነጂው መረጃ ነበር። አሁን ሥራው ከነጂው ሲወሰድ ድምፁ ብቻ ቀረ፤ ትርጉሙ ጠፋ። ትርጉሙን የማታውቀው ድምፅ ደግሞ ያስፈራል። ያ ወጣት ብስክሌቱን የገፋው ስለተሰበረ አይደለም፤ ስለፈራ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለብስክሌት አፍቃሪ ብቻ አይደለም። ከተማችን በታኅሣሥ 2018 መንገድ ለሰው ብላ መኪና ያገደችበትን እሁድ ታስታውሳላችሁ። ቀጥሎ እስከ 2028 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂ ወጣ። ከ2024 ወዲህ ኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እየቀባ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ እንዳይገባ ወሰነ። ስለ መንገዱና ስለ ዕቃው ብዙ ተወርቷል። ስለ ጠጋኙ ግን ማን አወራ? መስመሩ ተቀባ፤ በመስመሩ ላይ ቅጭ ያለውን ብስክሌት ማን ይሰማዋል?

አንዳንድ ወዳጆቼ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ለእኛ አይሆንም ይላሉ። አልስማማም። በዓለም መድረክ የሚወዳደር ልጃችን የዓለምን ዕቃ ይያዝ፤ በ1956 ሽቦው ለሁሉም አንድ እንደነበረው ዛሬም ባትሪው አንድ ይሁንለት። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃውን ስናስገባ ጆሮውን መጣላችን። ለክለብ ብስክሌት የሚለግስ ሁሉ ከብስክሌቱ ጋር ቻርጀሩን፣ ትርፍ ካቴናውን፣ የመፍቻ ዕቃውን ይጨምር። ለክለቦቻችን ጀማሪዎች ደግሞ በሽቦ የሚሠራው ይበቃል፤ ይሻላልም፤ ምክንያቱም ያስተምራል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን፣ ለምሳሌ ከኮልፌ አፍንጫ ስር ያለው ጄኔራል ዊንጌት፣ ብስክሌት ጥገናን እንደ ሙያ ቢያስተምሩ አስተማሪ ፍለጋ ውጭ መላክ አያስፈልግም። በየማዞሪያው በቆርቆሮ ስር ተቀምጠዋል። የሚጎድላቸው የምስክር ወረቀት ነው።

ወደ ጠጋኙ ልመለስ፣ ቃል ገብቻለሁና። ብስክሌቱን ገልብጦ ፔዳሉን በእጁ አሽከረከረ። ዓይኑን ጨፈነ። ወጣቱን ማርሽ ቀይር አለው፤ ሞተሯ ዝዝ ብላ ቀየረች፤ ቅጭ አለ። እንደገና ቀይር አለው። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ወድቋል» አለ።

«አልወደቀም ጋሼ! ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው።»

«ሻንጣ ውስጥ ወድቋላ!»

ካምቢዮው የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት ጎብጣ ነበር። ሞተሯ የታዘዘችበት ቦታ ላይ በትክክል ትቆማለች፤ ቦታው ራሱ ከተጣመመ ግን በትክክል የተሳሳተ ቦታ ላይ ትቆማለች፤ ስልኩም ይህን የሚያይበት ዓይን የለውም። ጠጋኙ ካምቢዮውን ፈታ። ከአሮጌ ብስክሌት የተነቀለ የኋላ ጎማ አመጣና የመሃል ብረቱን ካምቢዮው የነበረበት ቀዳዳ ውስጥ አጠበቀው። ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ገፋ። አሉሚኒየም ነውና ሁለተኛ ከጎበጠ ሊሰበር ይችላል፤ ወንድምህ ትርፍ ይላክልህ ብሎ አስጠነቀቀው። ካምቢዮውን መልሶ ገጠመ፤ ፔዳሉን አሽከረከረ።

ዝም አለ።

ወጣቱ ስንት ልክፈል አለ። ጠጋኙ ትንሽ አሰበና ለጎማ ጥገና የሚጠይቀውን ዋጋ ጠራ። በኋላ ለምን እንዲህ አሳነስክ ብዬ ብቆጣው፣ «ዕቃውን እኮ አልነካሁትም፤ ብረቱን ብቻ ነው ያቃናሁት» አለኝ።